የአንድ ጠዋት ካሣ

ሐረር ውስጥ በመንግሥት ደሞዝ ብቻ የሚኖር ሰው በዕድሜዬ አላየሁም። አለ የሚል ካለ አምጥቶ ያሳየኝ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የእንስሳት ሕክምና ክፍል ጸሐፊ ሆኜ በሠራሁበት ዘመን አንዱ መምህር ማታ ማታ የግል ኮሌጅ ያስተምራል፤ አንዱ ሐረርና ድሬዳዋ የምትመላለስ ሚኒባስ አለችው፤ አንዱ በሚስቱ ስም የጫት ማሳ ይዟል። እኔም ብሆን ከደሙ ንጹህ አይደለሁም፤ አቦከር ሰፈር ካለው ቤቴ ቁጭ ብዬ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ በታይፕ እመታ ነበር። ስለዚህ ስብሰባ ላይ "የውጭ ሥራ" የሚባል ነገር ሲነሳ ሁላችንም አንገታችንን ደፍተን ጫማችንን እናያለን።

አንድ ሰው ብቻ የውጭ ሥራቸውን በጠራራ ፀሐይ፣ ዓለም እያየ ይሠሩ ነበር። የክፍላችን ኃላፊ ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ ቢሰሙኝ ይቆጡኛል። ዶክተር ልበላቸውና ይለፈኝ። የዶክተር የውጭ ሥራ አህያ ማከም ነበር።

መጀመሪያ ያየኋቸው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ጊደር መጋላ ገበያ በርበሬና እርድ ልገዛ ወጥቼ፣ እግረ መንገዴን ኤረር በር ድረስ ወረድኩ። ከአሮጌው ከተማ ከጁገል ግንብ ውጪ ከገጠር የመጡ ገበሬዎች አህዮቻቸውን አቁመዋል። ከመሐላቸው አንድ ክራባት ያሰረ ሰው አህያ ሆድ ሥር ተንበርክኮ አየሁ። ጠጋ ብዬ ሳይ አለቃዬ! ወይ ጉድ! እኔ በአባቴም በእናቴም ከሸዋ ወርዶ ሐረር የቀረ የወታደር ዘር ነኝ፤ እኛ ቤት የአህያ ስም የሚጠራው ይቅርታ ተጠይቆ ነው።

"ዶክተር! ምን ነካዎት?" አልኩ።

"ጥሩ ጊዜ መጣሽ፤ ጆሮዋን ያዢልኝ።"

"እኔ?"

"ሌላ ማን አለ? ጠበቅ አድርገሽ ያዢ፤ እንዳትነክስሽ ብቻ።"

ምን ምርጫ አለኝ፣ አለቃዬ ናቸው፤ ያዝኩ። ገበሬዎቹ በሳቅ ሞቱ። የአህያዋ ጀርባ በጭነት ገመድ ተልጦ መግል ቋጥሯል። ዶክተር አጥበው፣ መድኃኒት ቀብተው ሲያበቁ ባለቤቱን ጠሩና ከጭነቱ ሥር ጆንያ እንዴት ታጥፎ እንደሚገባ በገዛ እጃቸው አሳዩት። "ሌላ ቀን ያለ ጆንያ ጭነሃት ባገኝህ ጭነቱን አንተ ላይ ነው የማደርገው!" አሉት። ሰውየው "ወላሂ አልደግምም" ብሎ ማለ። እኔ ቤቴ ገብቼ እጄን ስታጠብ ዋልኩ፤ ጠረኑ ግን አልለቀቀኝም። በርበሬውንም ሳልገዛ ተመለስኩ።

በኋላ እንደተረዳሁት ዶክተር ቅዳሜ ብቻ አልነበረም የሚሄዱት። ቤታቸው ጁገል ውስጥ፣ ለኤረር በር ቅርብ ነው። ገበሬዎቹ ማልደው ስለሚደርሱ እሳቸውም ማልደው ይወርዳሉ። ከዚያ ሰዓቱ ሲደርስ የጁገልን ጠባብ መንገዶች በሩጫ አቋርጠው ፈረስ መጋላ አደባባይ ይመጣሉ፤ የዩኒቨርሲቲው ሰርቪስ የሚያነሳን እዚያ ነው። ሾፌሩ ሞተሩን አስነስቶ፣ ዓይኑን ወደ መንገዱ አድርጎ ይጠብቃቸዋል። እጅጌያቸው እንደተጠቀለለ፣ የቁስል ማጠቢያውን መድኃኒት፣ ክሪዮሊን ክሪዮሊን እየሸተቱ ዘለው ይገባሉ። ሰው መስኮት ይከፍታል።

"ዶክተር፣ ዛሬ ስንት አህያ አስመረቁ?" ይላቸዋል ባለሚኒባሱ መምህር።

"ጥቂት ናቸው። ግን ከአንተ ተማሪዎች ይሻላሉ፤ አይኮርጁም።"

ሳቅ በሳቅ እየሆንን ነበር ዩኒቨርሲቲ የምንደርሰው። ቢሮ ሲገቡ ከፋይል ሳጥኑ ታችኛው መሳቢያ ንጹህ ሸሚዝ ያወጣሉ፣ ይታጠባሉ፣ ይለብሳሉ፤ በሰዓቱ ክፍል ይገኛሉ። ዝናብ ይዝነብ፣ ሐዘን ይኑር፣ ራሳቸው ይታመሙ፣ ክፍል አይቀሩም። ለሕክምናውም ብር አይቀበሉም፤ ገበሬዎቹ ግን ባዶ እጅ መሸኘት ነውር ስለሚሆንባቸው ስኳር ድንች ወይ እሸት ማሽላ ያሸክሟቸዋል። እሱንም ቢሮ ድረስ ይዘውት መጥተው ለዘበኞቹና ለእኛ ያከፋፍላሉ። እኔ ከአንድም ሁለቴ እሸት ጠብሼ በልቻለሁ፤ ውሸት ምን ያደርጋል።

አንድ ቀን ደፈር ብዬ ጠየቅኳቸው። "ዶክተር፣ አይከፈልዎት፣ ሰው ይስቅብዎታል፣ ሸሚዝ አይበረክትልዎት። ምን ይሁን ብለው ነው?"

"ስሚ" አሉኝ፣ "መጽሐፌ ውስጥ ያለው የፈረንጅ ፈረስ ነው። ቀለቡ ተመዝኖ የሚሰጠው፣ ብርድ ልብስ የሚለብስ። ከኤረር ቆላ ማሽላ ተሸክማ አቀበቱን የምትወጣ አህያ መጽሐፉ ውስጥ የለችም። እሷን ሳላይ ምኑን ነው የማስተምረው?"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቢሮ መጥቶ "ዶክተር የሉም?" ለሚለኝ ሁሉ ጠበቃቸው ሆንኩ። ሰው እንደዚህ ሥራውን ሲወድ አይቼ አላውቅም። ብዙ አለቃ አይቻለሁ፤ በጠዋት ሸሚዛቸው የሚቆሽሽ አለቃ ግን እሳቸው ብቻ ናቸው።

መዘዘኛው ጠዋት የመጣው በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ያኔ ሞባይል የሚባል ነገር የለንም። የሴሚስተሩ ማጠቃለያ ፈተና ነበር። የፈተናው ወረቀት ዶክተር ቢሮ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ቁልፉ ዶክተር ኪስ ውስጥ ነው። ፈተና እንዳይሾልክ ለጥንቃቄ መሆኑ ነው። ሰርቪሱ ፈረስ መጋላ ሲደርስ ዶክተር የሉም። ሾፌሩ ክላክስ በክላክስ አደረገው፤ ወደሚመጡበት መንገድ አፍጥጠን ቆየን፤ የሉም። ጥለናቸው ሄድን።

ተማሪዎቹ በፈተናው ክፍል በር ላይ ተሰልፈው ጠበቁኝ። "እየመጡ ነው" አልኩ። ትንሽ ቆይቼ "መንገድ ላይ ናቸው" አልኩ። ከተማሪዎቹ መሐል አንዲት ቀጭን፣ ነገር የማይዋጥላት ልጅ ነበረች፤ በክፍሉ ካሉት ጥቂት ሴቶች አንዷ ናት፤ ጎበዝ ናት። ፊቴ መጥታ ቆመች።

"እትዬ፣ የሚመጡት ከየት ነው?" አለችኝ።

"ከቤታቸው ነዋ!"

"ከቤታቸው ወይስ ከኤረር በር?"

ተማሪዎቹን መቁጠር ጀመርኩ፤ እስቲ አስቡት!

ረፋድ ላይ ዶክተር በአይሱዙ ጭነት ላይ ተቀምጠው ግቢ ገቡ። ሸሚዛቸው እስከ ደረታቸው ደም ነው። "ዶክተር! ምን ሆኑ?" ብዬ ጮህኩ። ፊታቸው በደስታ በርቷል። "ተረፈች! ጥጃዋም ተረፈች!" አሉኝ። ከዚያ ከኋላዬ የቆሙትን ተማሪዎች አዩ። እጃቸው ወደ ኪሳቸው፣ ወደ ቁልፉ ሲሄድ፣ ደስታው ከፊታቸው ሲጠፋ አየሁ። እንደዚያ ያለ ድንጋጤ ለጠላቴም አልመኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከኤረር በር ቁልቁል ከሚገኝ መንደር አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ከሱብሒ ሶላት በፊት በራቸውን አንኳኳች። ያለቻት አንዲት ላም ምጥ ይዟት መውለድ አቅቷታል። ዶክተር "ደርሼ እመለሳለሁ" ብለው ሄዱ። የጥጃዋ እግር ወደ ኋላ ታጥፎ ኖሯል፤ ማስተካከሉ ጊዜ ወሰደ። ጀምረው ጥለው ቢመጡ ላሚቱም ጥጃዋም መሞታቸው ነው። እሳቸው አልጣሉም። ተማሪዎቹ ደግሞ ያን ቀን ከሰዓት ሌላ ፈተና ስለነበረባቸው ሁለቱን በላይ በላዩ፣ ምሳ ሳይበሉ ተፈተኑ።

በማግስቱ ማመልከቻ ገባ። የጻፈችው ያቺው ልጅ ናት፤ ሌሎቹ ከሥር ፈርመዋል። ዲኑ አዲስ ነበር። በቢሮ አንቱ እለው ነበር፤ በዕድሜ ታናሼ ስለሆነ እዚህ አልለውም። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን አዲስ መጥረጊያ ነው። ከላይ ደግሞ "ያለ ፈቃድ የውጭ ሥራ የሚሠሩ መምህራን ላይ እርምጃ ይወሰድ" የሚል ደብዳቤ ወርዶለታል። ዶክተር በዚሁ በኤረር በር ሥራ ከዚህ በፊት አንድ የቃል ማስጠንቀቂያ አለባቸው። ኮሚቴ ተቋቋመ። ጥፋቱ ከተረጋገጠ ከማስተማር ሥራ ሊሰናበቱ እንደሚችሉ ሁላችንም አወቅን።

በሰርቪስ ስንመለስ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ያን ቀን ማንም አልቀለደም።

"ማስተማር ከከለከሉኝ ምን እሆናለሁ?" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ላጽናና ብዬ "ኤረር በር አለልዎት አይደል?" አልኩ።

"ኤረር በር ብቻውን ምን ያደርግልኛል? እዚያ ያየሁትን ለማን ነው የምነግረው?"

ለካ እኛ ሁለት ሥራ ያልነው ለእሳቸው አንድ ሥራ ኖሯል። ከአንዱ ቢያወጧቸው ሌላውም ይሞትባቸዋል።

እኔ ደግሞ አፌ አያርፍ። ቅዳሜ ጊደር መጋላ ስወጣ ያችን ባለላም ሴት ስኳር ድንች ስትሸጥ ሰው አሳየኝ። "ያንቺ ላም ሰውየውን ልታስባርረው ነው" አልኳት በንዴት። "የተማሪዎቹን ሰዓት በላ ተብሎ ተከሷል።" ሴትየዋ ሚዛኑን አስቀመጠች። "ሰዓቱን የበላነው እኛ አይደለንም እንዴ?" አለችኝ። "አቦ፣ እሱን ለኮሚቴው ንገሪ!" ብያት ሄድኩ። እንደዋዛ ነው የተናገርኩት። እሷና የመንደሯ ሰዎች ግን የሰሙት እንደዋዛ አልነበረም።

ኮሚቴው የተሰበሰበው ሰኞ ከሰዓት ነው። ሰብሳቢው ዲኑ፤ አባላቱ ባለሚኒባሱ መምህር፣ የማታ ኮሌጅ አስተማሪውና ባለጫቱ። ምርጫው ራሱ ያስቃል! እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ። የማታ አስተማሪው ገና ሳይጀመር ሰዓቱን ማየት ጀመረ፤ ክፍል አለበታ። ሦስቱም ዶክተርን ሊያድኗቸው እንደፈለጉ ከፊታቸው ያስታውቃል። ዶክተር ከጠረጴዛው ጫፍ እጃቸውን አጣምረው ተቀምጠዋል።

"ዶክተር" አለ ባለሚኒባሱ፣ "ያን ቀን ትንሽ አሞዎት ነበር አይደል? ታመው ነበር ይባላል።"

ማንም እንዲህ አላለም። የማምለጫ በር እየከፈተላቸው ነው። ዲኑም ቀና ብሎ ጠበቀ፤ "አዎ" ቢሉ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ብዕሬን ወረቀቱ ላይ አድርጌ "በሉ እንጂ፣ በሉ!" እያልኩ በሆዴ ለመንኩ። ዶክተር አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት በሩ ተንኳኳ። የግቢው ዘበኛ ነው።

"ይቅርታ፤ በር ላይ ሽማግሌዎች መጥተዋል። ላም ይዘዋል።"

"ምን ይዘዋል?" አለ ዲኑ።

"ላም። ከነጥጃዋ። አንሄድም ብለዋል። አንዱ ሽማግሌ ሳር ጨብጠዋል፤ ለከብቶቹ መስሎኝ 'ያብሏቸው' ብላቸው ተቆጡኝ።"

ዶክተር ግንባራቸውን ያዙ። እኔ ግን ሳሩን ስሰማ ነገሩ ገባኝ። በዚያ አገር እርጥብ ሳር ጨብጦ የመጣ ሽማግሌ ለዕርቅ ነው የመጣው፤ እሱን መመለስ ትልቅ ነውር ነው። ሰዎቹ ሥነ ሥርዓት ኮሚቴ የሚባል ነገር ከየት ያውቃሉ? ዶክተርና ዲኑ የተጣሉ መስሏቸው ሊያስታርቋቸው መጥተዋል።

"እኛ የተጣላነው ነገር የለም" አለ ዲኑ ግራ ገብቶት። "ንገራቸውና ይሂዱ።"

"ጌታዬ" አልኩ፤ ቃለ ጉባኤ ያዥ መናገር እንደማይፈቀድለት ጠፍቶኝ አይደለም። "ሳር የያዘ ሽማግሌ ከበር ከተመለሰ ነገ ይህ ግቢ ከገበሬ ጋር ምንም ሥራ አይሠራም። የመስክ ልምምድ የምትወጡት እነሱ መንደር አይደለም?"

ዲኑ አየኝ። ከዚያ "ይግቡ" አለ፤ "ላሟ ግን ትቆይ።"

ገቡ። ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ባለላሟ ሴት ደግሞ ገመዱን ለዘበኛ አላምንም ብላ ውጪ፣ መስኮቱ ሥር ቀረች። ከፊት ያሉት ሽማግሌ ነጭ ጢማም ናቸው፤ ሳሩን ከጨበጡበት እጃቸው አልለቀቁትም። ወንበር ቢሰጣቸው እምቢ ብለው ከነጓደኞቻቸው ወለሉ ላይ ቁጢጥ አሉ።

"ልጄ" አሉ ለዲኑ፤ ሐረር አንቱታ አይበዛባትም። "ይህን ሰው የልጆቹን ሰዓት በላ ብላችኋል አሉ። እሱ አልበላም። የበላነው እኛ ነን። ላማችን ምጥ ላይ ሆና እኛ ነን ከቤቱ ያወጣነው። እሱ ልሂድ ሲል 'በአላህ ይዘንሃል' ብዬ እጁን የያዝኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኛ ነው፤ ካሣውን ይዘን መጥተናል።"

ባለሚኒባሱ ዓይኑን ጨፈነ። "ታመው ነበር" የሚለው ነገር አበቃለት። ሽማግሌው ሊያድኗቸው መጥተው ምስክር ሆነውባቸው አረፉ።

ዲኑ በትሕትና "አባት፣ ሰዓት ካሣ የለውም" አለ።

"ካሣ የሌለው ምን አለ ልጄ? ነፍስ እንኳ ካሣ አላት።"

"ጥጃዬን ተረከቡኝ!" አለች ሴትየዋ ከመስኮቱ ውጪ። "እናቷን ያመጣኋት ጡት ስላልጣለች ነው። ጡት ስትጥል እናቷን መልሱልኝ።"

የማታ አስተማሪው ሳቁን ሊውጥ ጎንበስ አለ። እኔ አልሳቅሁም። ያለቻት ያች ላም ናት።

ዲኑ ወደ ዶክተር ዞረ። "እውነት ነው? ያን ጠዋት እዚያ ነበሩ?"

"እውነት ነው" አሉ ዶክተር። "አልታመምኩም። እነዚህ ሰዎች አይዋሹም፤ እኔም በእነሱ ፊት አልዋሽም። ግን ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። እነሱ ሐኪም ፈለጉ፤ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ እንዳለ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ።"

ጻፍኩት። በቃ፣ አለቀልን አልኩ።

ሽማግሌው ግን አልጨረሱም። "ሰዓቱ የማን ነበር?" ብለው ጠየቁ።

"የተማሪዎቹ" አለ ዲኑ።

"እንግዲያው አንተ ምን አስቀመጠህ? ባለቤቱን ጥራ እንጂ!"

ዲኑ ቀላ። ባለጫቱ መምህር "ልክ ናቸው" ብሎ አጉረመረመ። ትንሽ ተንሾካሾኩና እኔ ተላክሁ። ልጅቷን ከቤተ መጻሕፍት አወጣኋት። መንገድ ላይ አላናገርኳትም፤ ተናድጄባታለሁ። ስትገባ እነዚያ ሽማግሌዎች ለእሷ ሲነሡ አየሁ። አባቶቿ ሊሆኑ የሚችሉ ሰዎች ለአንዲት ተማሪ ተነሡ። ልጅቷ ደርቃ ቀረች።

"ልጄ፣ ሰዓትሽን በልተናል። ጥጃዋ ውጪ አለች፤ ያንቺ ናት። አውፍ በይን" አሏት፤ ይቅር በይን ማለታቸው ነው።

ልጅቷ ሽማግሌውን አየች፣ መስኮቱን አየች፣ በመጨረሻ ዶክተርን አየች።

"ጥጃ አልፈልግም" አለች። "ፈተናው ስለዘገየም አይደለም የከፋኝ። ዶክተር፣ እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ላም ስትወልድ ያየሁት ሰሌዳ ላይ ነው። እርስዎ በጠመኔ ይሥላሉ፣ እኔ ደብተሬ ላይ እገለብጣለሁ። እርስዎ የታጠፈ እግር በእጅዎ ሲያስተካክሉ እኛ እዚህ በር ላይ ቆመናል። ከተኛሁበት ቀስቅሰው ይዘውኝ ቢሄዱ ኖሮ ማመልከቻ እጽፍ ነበር? ሁልጊዜ ብቻዎን ይሄዳሉ። ብቻዎን ያያሉ።"

ዶክተርን ለማየት አልደፈርኩም።

"ይህች ልጅ እውነት አላት" አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው። ሳሩን ከእጃቸው አውጥተው ለዶክተር ሰጧቸው። "እኛ አይደለንም የምንለምናት። አንተ ነህ።"

ዶክተር ተነሡ። በዩኒቨርሲቲ ሕይወቴ መምህር ተማሪን ይቅርታ ሲጠይቅ አይቼ አላውቅም፤ ከዚያ በኋላም አላየሁም። ወንበራቸውን ገፋ አድርገው ልጅቷ ፊት ሄደው ቆሙ፤ ሳሩን በሁለት እጃቸው ዘረጉላት።

"ልክ ነሽ" አሉ። "ማየቱን ለራሴ አደረግሁት። ይቅር በይኝ።"

ልጅቷ ሳሩን ተቀበለች፤ ተቀብላም እንደ ሕፃን አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ! ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ ባለሚኒባሱ በስመ አብ ብሎ አማተበ። ጥጃዋን ልጅቷ ራሷ ወጥታ ለባለላሟ መለሰች። ሴትየዋ "ካሣ ይመለሳል እንዴ?" ብላ ትንሽ አንገራገረች፤ ኋላ ግን ገመዱን ጠበቅ አድርጋ ይዛ ስትሄድ ከደስታዋ ብዛት አንዴም ዞር ብላ አላየችንም።

ዲኑ ውሳኔውን የሰጠው ያኔውኑ ነው። ዶክተር ከኃላፊነታቸው ተነሡ፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተጻፈባቸው፤ በሥራ ቀን ጠዋት ኤረር በር መውረድ ተከለከሉ። ይህ ቀላል አልነበረም፤ ማክሰኞና ሐሙስ የሚመጡት ገበሬዎች ለረጅም ጊዜ ወደ ግንቡ እያዩ ተመልሰዋል፤ ዶክተርም በሰርቪሱ መስኮት ወደዚያው እያዩ ሄደዋል። ማስተማራቸው ግን አልተነካም። የቅዳሜው ሥራም ተማሪ የሚገኝበት የተግባር ትምህርት ይሁን ተባለ። የመጨረሻዋን ሐሳብ ያቀረበው የማታ አስተማሪው ነው፤ ከዚያ ዘልሎ ወጣ፤ ክፍሉ አምልጦታል።

በመጀመሪያው ቅዳሜ እኔም ኤረር በር ወረድኩ። ምን አገባሽ አትበሉኝ፤ አላስችል ብሎኝ ነው። ተማሪዎቹ ነጭ ጋዋን ለብሰው ግንቡን ተደግፈው ቆመዋል፤ ገበሬዎቹ ፊት ለፊት ቆመው ያዩአቸዋል። ማንም አህያውን አያቀርብም። በመጨረሻ እኚያው ነጭ ጢማም ሽማግሌ የራሳቸውን አህያ እየጎተቱ መጡ። ትከሻዋ ላይ ጡጫ የሚያህል እብጠት አለባት።

"ማነው የሚነካት?" አሉ።

"እሷ" አሉ ዶክተር፣ ወደ ልጅቷ በአገጫቸው እያሳዩ።

ገበሬዎቹ አጉረመረሙ። "ሴት ልጅ?" "ገና ልጅ እኮ ናት!" ተባለ። ሽማግሌውም ትንሽ አመነቱ። ከዚያ "ቢስሚላህ በይ" አሏት። እሷ በስመ አብ አለችና የሕክምና ቢላዋውን ያዘች።

ዶክተር ሁለት እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተዋል። ከአጠገባቸው ስለነበርኩ እጃቸው በኪሳቸው ውስጥ ሲወራጭ ይታየኛል። ልጅቷ እብጠቱን ዳሰሰች፣ ቦታ መረጠች፣ ዞር ብላ አየቻቸው። ምንም አላሏትም። ደግማ አየቻቸው። ዝም። ልጠይቅላት ሁሉ ቃጣኝ! ልጅቷ ጥርሷን ነከሰችና ቀደደችው። መግሉ ተስፈንጥሮ ጋዋኗን፣ አገጯን፣ ጫማዋን አለበሳት። አህያዋ ተወራጨች፣ ገበሬው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። እሷ አልሳቀችም፣ አልደነገጠችምም፤ በክንዷ አገጯን ጠርጋ ማጠብ ጀመረች። ውስጡን እስኪጠራ አጠበች። መድኃኒቱን አደረገች። ከዚያ ቀና ብላ ሽማግሌውን "ጆንያ አጥፈው ካልጫኑ ይመለስባታል" አለቻቸው፤ በቁጣ።

ሽማግሌው "ማሻአላህ" አሉ።

ከኋላ አንድ ወጣት ገበሬ አህያውን እየነዳ ሰዉን ሰንጥቆ መጣ። "ዶክተር! የኔም ትታይልኝ፣ እግሯን ታነክሳለች" ሲል ዶክተር ልማዳቸው ሆኖ እጃቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ወደፊት ተራመዱ።

"አንተን አይደለም" አላቸው ገበሬው፤ "እሷን ነው።" አህያዋንም በፊታቸው አሳልፎ ልጅቷ ጋ ወሰዳት።

ዶክተር ባሉበት ቆሙ። አንድ አፍታ ከፍቷቸው እንደሆነ ብዬ ደነገጥኩ። ዞር ብለው ሲያዩኝ ግን ፊታቸው ያ በአይሱዙ የመጡ ቀን የነበረው ነው፤ እንደዚያ በርቷል። "ሰማሽው?" አሉኝ። "ሰማሽው ምን እንዳለኝ?"

"ሰማሁ ዶክተር።"

እጅጌያቸውን ጠቀለሉና ሄደው የአህያዋን ጆሮ ያዙላት።